የጄሶ ጆሮዎች

አትላንታ አጠገብ፣ ፓይን ሌክ ውስጥ፣ አንድ ጓሮ ሁለት ጊዜ ቆፍሬአለሁ። መጀመሪያ ልቀብር፣ በዘጠነኛው ቀን ደግሞ የቀበርኩትን ላወጣ። ሁለቱንም ጊዜ ያስቆፈረኝ ሳይገባኝ "ኦኬ" ማለቴ ነው።

ቤቱ የአንዲት አሮጊት ፕሮፌሰር ነበር። ዕድሜያቸው ሰማንያ አንድ ነው። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ የሚንቀሳቀሱት ዎከር በሚባለው ባለ አራት እግር መደገፊያ ነው። ዓይናቸውም ከመሃል እየጠፋ ስለሄደ፣ የሰው ፊት ማየት ሲፈልጉ ጭንቅላታቸውን እንደ ዶሮ ወደ ጎን ያዞራሉ። የአረጋውያን ተንከባካቢ የሚቀጥረው ኤጀንሲ እሳቸው ዘንድ ከላከኝ ሰባት ወር ሆኖኝ ነበር። አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ ምሳ አቀርባለሁ፣ የመድኃኒት ሰዓት አስታውሳቸዋለሁ፤ ከዚያ የሠራሁትን ስልኬ ላይ ምልክት አድርጌ ሺፍቴን እዘጋለሁ። የምኖረው አክስቴ ዘንድ ነው። ታከር ወዳለው መጋዘን ሥራዋ ስትሄድ ታደርሰኛለች፣ ስትመለስ ትወስደኛለች።

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። እንግሊዝኛውን ያገኘሁት ከሥራ ነው። "ይዙሩልኝ"፣ "ያመዎታል?"፣ "ውሃው ሞቀ?" የሚባለውን በደንብ እችላለሁ። ከዚያ ያለፈ ነገር ሲመጣ ግማሹን እይዛለሁ፣ ግማሹን እገምታለሁ። መጠየቅ አልችልም። ሰው ፊት ቃል ሲጠፋኝ እስከ አንገቴ ድረስ ይሞቀኛል። እናቴም "እሺ ይበልጣል ከሺ" እያለች ነው ያሳደገችኝ። አትላንታ ስመጣ እሺን በኦኬ ቀየርኩት እንጂ ልማዱ ያው ነው።

ፕሮፌሰሯ ዩኒቨርሲቲ በሚዘጋበት ወራት እየሄዱ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግሪክ አገር አፈር ሲቆፍሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ከተማዋ ከቆሮንቶስ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት እንደምትርቅ ነገሩኝ፤ ስሟን እስከ ዛሬ በትክክል መጥራት አልችልም። ቆሮንቶስ ሲሉኝ ግን ደነገጥኩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲነበብ የምሰማው ስም ነው። አውቶቡስ የሚቆምበት ቦታ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከምሳ በኋላ ፎቶ ያስመጡኛል። ከጎን በኩል ወደ ዓይናቸው አስጠግቼ እይዝላቸዋለሁ፣ እሳቸው በጣታቸው ያሳያሉ። ይኼ የከተማው ግንብ ነው። ይኼ ምንጩ ነው፤ ሳይታጠቡ መግባት አይቻልም። ይኼ መሠዊያው ነው፤ ቤተ መቅደሱ ውስጥ ሳይሆን ከደጅ ነው። የወደቁት ዓምዶች እንደ ተቆረጠ ግንድ ተጋድመዋል። ከጎኑ ረጅም አዳራሽ አለ፤ የታመመ ሰው እዚያ ይተኛል፣ የፈውሱ አምላክ በሕልሙ እስኪመጣለት ይጠብቃል። የዳነው ደግሞ የዳነለትን አካል በሸክላ አሠርቶ ይሰጣል። እግር፣ እጅ፣ ጡት፣ ጆሮ። ግድግዳው በስለት ሲሞላ ካህናቱ አሮጌውን አውርደው፣ ከቅጥሩ ሳያወጡ ጉድጓድ ውስጥ ይከቱታል። ፕሮፌሰሯ ያገኙት ያን ጉድጓድ ነው። መጽሐፋቸውም ስለዚያ ጉድጓድ ነው። ዓይናቸው እምቢ እስኪል ሲጽፉት ኖረዋል፤ የቀራቸው አንድ ምዕራፍ ነበር።

እኔ ይኼ ሁሉ አልገረመኝም። የጠበል ቦታ አውቃለሁ። ስለትም አውቃለሁ። አምስት ዓመቴ ላይ ጆሮዬ መግል ይዞ ከርሞ ነበር፤ እናቴ ለደብራችን ጥላ ተሳለች፣ ስድን አስገባች። ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ጥላ ነበር። ይህንን ለፕሮፌሰሯ መንገር ፈልጌ ነበር። ስንት ቀን በልቤ አዘጋጅቼው፣ ፎቶውን ስይዝ "ጥሩ ነው" ብቻ ብዬ ቀረሁ።

ጋራዡ ውስጥ አራት ካርቶን ነበር። በውስጡ ስልሳ ሦስት የአካል ቅርጾች፣ እያንዳንዳቸው በፕላስቲክ ከረጢት፣ በእያንዳንዳቸውም ላይ ታግ የሚሉት ትንሽ ወረቀት በክር ታስሯል። አንድ ቀን አቧራውን ስጠርግላቸው ፕሮፌሰሯ አጠገቤ ቁጭ ብለው ረጅም ነገር ነገሩኝ። ያሉትን አሁን ሙሉውን አውቀዋለሁ። እነዚህ ቅጂዎች ናቸው፤ ዋናዎቹ ግሪክ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ዋጋ ያለው ቅርጹ አይደለም፣ ታጉ ነው። ታጉ ላይ እያንዳንዱ ነገር በምን ጥልቀት፣ ከምን አጠገብ እንደተገኘ ተጽፏል። የቁፋሮው ደብተር ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ጎርፍ ገብቶ ስለተበላሸ፣ ከዚያ ጉድጓድ የቀረ መዝገብ እነዚህ ወረቀቶች ብቻ ናቸው። ታጉን ከቅርጹ እንዳትለዪ፣ አሉኝ። "ይገባሻል?"

"ኦኬ" አልኩ። የገባኝ "በጣም አስፈላጊ" የሚለው ብቻ ነበር።

ሰኞ ዕለት ልጃቸው መጣች። ሎረንስቪል ነው የምትኖረው፣ የካውንቲ ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ሁልጊዜ ትቸኩላለች። ቤቱ ተሽጧል። እናቷ ወሩ ሲያልቅ እሷ አቅራቢያ ወዳለ የአረጋውያን ቤት ይገባሉ። ዳምፕስተር የሚሉትን ትልቅ የቆሻሻ ብረት ሳጥን በመኪናው መግቢያ ላይ አስቀምጣለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ከዩኒቨርሲቲ ሰው መጥቶ መጽሐፉ የሚያልቅበትን ነገር ይወስዳል። ይህን ሁሉ ጋራዡ በር ላይ ቆማ፣ የመኪናዋን ቁልፍ እያሽከረከረች በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝና እጇን ወደ ግራ ዘረጋች፣ ወደ ቀኝ ዘረጋች። ይኼ ወገን ይቆያል፣ ያ ወገን የተሰባበረው ይጣላል።

ካርቶኖቹ መሃል ላይ ነበሩ። የጎደሉ ጣቶች፣ ጫፉ የተሸረፈ ጆሮ ከላይ ይታያል። በስተጀርባ ደግሞ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች አሉ። የትኛውን ነው? ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው።

"ኦኬ?" አለችኝ።

"ኦኬ።"

ማክሰኞ ፕሮፌሰሯ ከምሳ በኋላ ሲተኙ የመጀመሪያውን ካርቶን ወደ ዳምፕስተሩ ተሸክሜ ሄድኩ። ውስጡ የፕሮፌሰሯ ዳይፐር፣ የበሰበሰ ምንጣፍ፣ የፒዛ ሳጥን አለ። ካርቶኑን ጠርዙ ላይ አሳርፌ ቆምኩ። ከላይ ያለው ጆሮ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። የሆነች እናት፣ የሆነ ልጅ ጆሮ መግል ሲይዝ የተሳለችው ነው ብዬ አሰብኩ። ከዳይፐር ጋር ልጣለው? ለማን እንደተሰጠ አውቃለሁ፤ ጣዖት ነው። የእናትየዋ ጭንቀት ግን ጣዖት አይደለም።

እኛ ዘንድ ለቤተ ክርስቲያን የገባ ዕቃ ቢያረጅም፣ ቢሰበርም አይጣልም። ሰው በማይረግጠው ቦታ ይቀበራል። እኔም እንደዚያ አደረግሁ። ከጓሮው ጥግ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ጥዱ ባለበት ቆፈርኩ። የጆርጂያ አፈር ቀይ ነው፣ እንደ ሊጥ ይይዛል፤ እስከ ጉልበቴ ለማድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ፕላስቲክ አይበሰብስም፣ ከስለት ጋርም መቀበር የለበትም ብዬ እያንዳንዱን ከከረጢቱ አወጣሁ። ክሩን በጥሼ ከረጢቱንና ታጉን የኩሽናው ቆሻሻ ውስጥ ከተትኩ። እጅን ከእጅ፣ እግርን ከእግር ጋር አድርጌ ደረደርኩ፤ ጆሮዎቹን ከላይ። ንጹሕ አንሶላ አለበስኳቸውና አፈር መለስኩ። አማተብኩ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ማንም ሳያዘኝ የሠራሁት የመጀመሪያ ትክክለኛ ሥራ መስሎኝ ነበር።

አክስቴ ልትወስደኝ ስትመጣ ቀድማ ያየችው እጄን ነው።

"ሴትዮዋን ነው ወይስ ድንች ነው ስትኮተኩቺ የዋልሽው?"

ነገርኳት። መኪናዋን ከመግቢያው ሳታወጣ ቆማ ሰማችኝ።

"ለግሪክ ጣዖት ቀብር አስፈጸምሽ በይኛ። ፍትሐትስ ደረሰ?"

"ስለት እኮ ነው አክስቴ። የሰዎች ስለት ነው።"

"ልጅቷ ምን ነበር ያለችሽ?"

"ጣይው።"

"ጣይው ካለች ጣይው ነው። ቅበሪው አላለችም። ለመሆኑ ያንን ነው ጣይው ያለችሽ? ጠይቀሻል?"

ከጥፍሬ ሥር ያለውን ቀይ አፈር መፈቅፈቅ ጀመርኩ።

"አልጠየቅሽም" አለችና ማርሽ አስገባች። "ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው አሜሪካ ሳይመጣ ነው የሞተው።"

የኩሽናውን ቆሻሻ መኪናው ሐሙስ መጥቶ ወሰደው። ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ዘነበ። እኔ ስለ ዝናቡ ምንም አላሰብኩም፤ ሸክላ ዝናብ ምን ያደርገዋል?

በሚቀጥለው ረቡዕ ጠዋት ፕሮፌሰሯን አጥቤ ካለበስኩ በኋላ ፀጉራቸውን እንዳበጥርላቸው ጠየቁኝ። ደስ ብሏቸው ነበር። ሰውየው ነገ ይመጣል፤ ዛሬ ቅርጾቹን አንድ በአንድ አብረን እናያለን፤ እኔ ታጉን አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ይናገራሉ፣ ስልኩ ይቀዳል። እንዲህ ከሆነ የመጨረሻው ምዕራፍ አለቀ ማለት ነው። "ካርቶኖቹን አምጪልኝ" አሉ።

"ኦኬ" አልኩ።

ሄጄ ጋራዡ ውስጥ፣ ካርቶኖቹ በነበሩበት ባዶ ቦታ ቆምኩ። ከቤት ውስጥ በዎከራቸው ወለሉን ሲመቱ ይሰማኛል። ያን ጊዜ እንኳ ራሴን ያታለልኩበት አንድ ነገር ነበረኝ። ለምን እንደቀበርኩት ብነግራቸው ይገባቸዋል፤ እንዲያውም ስለ ጉድጓዳቸው የማያውቁትን ነገር እነግራቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ተመለስኩና ፊታቸው ቆሜ፣ መሬት መሬት እያየሁ ተናገርኩ። መሬት ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ። ቅዱስ ነገር ነው። በአገሬ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ አይጣልም፣ ግቢው ውስጥ ይቀበራል። የእርስዎም ጉድጓድ እንደዚያ ነው። ይህንን በእንግሊዝኛ ለመጨረስ ላብ በላብ ሆንኩ። በሰባት ወር ውስጥ የተናገርኩት ረጅሙ ነገር ነው።

ፕሮፌሰሯ ጭንቅላታቸውን ወደ ጎን አዙረው አዩኝ።

"አዎ" አሉ። "ይኼንን ሁሉም ሰው ያውቃል። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። ታጎቹ የት አሉ?"

እኔ እኮ የማውቀው ታላቅ ነገር ያ ብቻ ነበር።

"ታጎቹ?" አሉ ደግመው።

ወደ ኩሽናው ቆሻሻ መጣያ አመለከትኩ። ባዶ ነበር፤ ጠዋት አዲስ ከረጢት ያስገባሁበት እኔ ነኝ።

አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወንበር ወደ ጓሮ እንዳወጣላቸው አዘዙኝ። ብርድ ልብስ። የቀለም ብሩሽ። ማንኪያ። አካፋውን ስይዝ "እሱን አስቀምጪ" አሉ።

ጥዱ ሥር አስቀመጥኳቸው። እኔ ተንበርክኬ፣ እሳቸው ከላይ ሆነው እያዘዙ ቆፈርን። ከላይ ወደ ታች፣ ስስ ስስ አድርጌ እንድልጥ። አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን እንዳልነካ። እንዳልጎትት። "እንደሱ አይደለም።" "ቀስ።" "እንደሱ አይደለም አልኩሽ።" ዓይናቸው ሳያይ ማንኪያው ሲፋቅ በድምፁ ብቻ ያውቁብኝ ነበር። ወገቤ ተቆረጠ። ቀዩ ጭቃ ጥፍሬ ውስጥ ገባ። ተናደድኩ፤ በእሳቸው ነው፣ በልጃቸው ነው፣ በራሴ ነው፣ መለየት አቃተኝ።

አንሶላው ላይ ስደርስ ርሶ ነበር። የመጀመሪያውን ጆሮ ሳነሣ እንደ ተነከረ ዳቦ እጄ ላይ ፈረሰ። ጣቶቼ ነጭ ሆኑ።

"ሸክላው ሟሟ" አልኩ።

"ሸክላ አይሟሟም" አሉ። "ጄሶ ነው። በእጄ የሠራሁት ጄሶ ነው። ዋናዎቹ ግሪክ ናቸው። ነግሬሽ ነበር።"

ነግረውኝ ነበር። ኦኬ ብያለሁ። ለጄሶ ነው ያማተብኩት።

ልጃቸው በዚህ መሃል ደረሰች። ሰማንያ አንድ ዓመት የሆናቸውን እናቷን በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ ጭቃ ውስጥ ከተንበረከከች ሠራተኛ አጠገብ አየቻቸው። ምን እንደሆነ ስትሰማ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች።

"ወንበሮቹን ነው ያልኩሽ። የተሰበሩትን ወንበሮች። ኦኬ ብለሽኛል እኮ።"

"አዎ" አልኩ።

"ለኤጀንሲው እደውላለሁ።"

"በኋላ ትደውያለሽ" አሏት እናቷ። "አሁን ጫማሽን አውልቂና ትሪ ይዘሽ ነይ።"

ስልሳ አንድ አወጣን። ሁለት ጆሮ ጠፋ፤ ምናልባት ከጭቃው ጋር አንድ ሆነዋል። ሁሉንም የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፈን ደረደርናቸው። ፕሮፌሰሯ አንድ በአንድ እያነሡ በጣታቸው ይዳስሱ ጀመር፤ እኔ አዲስ ታግ ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አውራ ጣቱ የጎደለ እጅ አንሥተው ወዲያው ቁጥሩን ተናገሩ፤ ከታች፣ ከምንጩ ወገን፣ ከተሰበረ መብራት አጠገብ። ሲያወጡት ዝንብ ሲያስቸግራቸው እንደነበር ሳይቀር ያስታውሳሉ። የልጅ እግር፤ ከሥር፣ ከግንቡ ጋር። እኔ በስድስተኛ ክፍል እጅ ጽሑፌ እጽፋለሁ። ያልቻልኩትን ቃል ፊደል በፊደል ይነግሩኛል። እንዲህ እያልን ሠላሳ ዘጠኝ ደረስን።

የቀሩት ሃያ ሁለቱ ከላይ የነበሩት፣ ዝናቡ ያገኛቸው ናቸው። አብዛኞቹ ጆሮዎች ናቸው። ጄሶው ላይ የነበረው ጭረት፣ ሽራፊው፣ ሁሉም ታጥቦ ለስልሷል። ፕሮፌሰሯ አንዱን ይዘው ደጋግመው ዳሰሱት። ወደ ጉንጫቸው አስጠጉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ከከረጢት ስታወጪው ታጉን አይተሻል። ይህቺን ጆሮ አስታውሺ። ከላይኛው ነው ወይስ ከታችኛው? ቁጥሩ ከሠላሳ በላይ ነበር?"

ድምፃቸው እንደዚያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም፤ ይለምኑኝ ነበር። ከመሃል በኩል የማያዩት ዓይኖቻቸው ፊቴ ላይ የሆነ ነገር ይፈልጋሉ። ሠላሳ ስድስት የሚል ታግ አይቻለሁ፤ የቱ ላይ እንደነበር ግን አላውቅም። "ሠላሳ ስድስት" ብላቸው ፊታቸው ይበራ ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ይህንኑ ነው፤ ሰው የሚፈልገውን መስጠት። ሃያ ሁለት ጊዜ "አዎ" ብል ምዕራፉ ያልቃል፣ ማንም አያውቅም፣ መጽሐፉም በእኔ ግምት ይታተማል።

"አላውቅም" አልኩ።

"ሞክሪ።"

"አላውቅም። ልብ ብዬ አላየሁትም። ያን ቀን ስለ ታጉ ሲነግሩኝም አልገባኝም ነበር። ገባኝ ያልኩት እንዲሁ ነው።"

ልጃቸው ከማጠቢያው ዞር ብላ አየችኝ። ፕሮፌሰሯ ጆሮውን ጋዜጣው ላይ አስቀመጡት።

"ይኼንን በዚያን ቀን ብትዪኝ ኖሮ" አሉና አልጨረሱትም። "ጻፊ" አሉ። "ቦታው አይታወቅም ብለሽ ጻፊ።"

ቃሉን ፊደል በፊደል ነገሩኝ። ከሦስተኛው በኋላ መንገር አላስፈለጋቸውም። ሃያ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት።

ሰውየው ሐሙስ መጥቶ ወሰደ። ሃያ ሁለቱን ታጎች ሲያይ ከንፈሩን ነከሰ፤ ፕሮፌሰሯ የምዕራፉ መጨረሻ እንደሚቆረጥ፣ በጉድጓዱ ሥዕል ላይ የሃያ ሁለቱ ቦታ ባዶ ሆኖ እንደሚቀር ነገሩት። የማን ጥፋት እንደሆነ አልነገሩትም። እኔንም ከዚያ በኋላ ፎቶ አላስያዙኝም። "አመሰግናለሁ"ና "ውሃ" ብቻ ሆነ ንግግራችን። ይቅር ብለውኝ እንደሆነ አላውቅም። ይህም አንዱ የማላውቀው ነው።

ልጃቸው ለኤጀንሲው አልደወለችም። የመጨረሻው ቀን፣ ቤቱ ባዶ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት፣ በሩ ላይ ቆማ ቁልፉን እያሽከረከረች የሚቀረውን ሥራ ነገረችኝ። ከቁም ሳጥኑ ምን እንደሚወጣ፣ ምኑ ለማን እንደሚሰጥ፣ ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ። እጇን ወደ ግራ ዘረጋች፣ ወደ ቀኝ ዘረጋች።

"ኦኬ?"

አንገቴ ሞቀ። "አልገባኝም" አልኩ። "ድገሚልኝ።"

ተነፈሰች። ደገመችልኝ፤ ያው ፍጥነት ነው። አሁንም ግማሹ አልገባኝም። ውጭ ከሥራ መልስ ልትወስደኝ የመጣችው አክስቴ ክላክስ እየነፋች ነው። ልጅቷ ሰዓቷን አየች።

"እንደገና" አልኳት።